ሦስተኛው ሲሊንደር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

መኪናዋን ዛሬ ጋራዥ ወሰድኳት። የእማዬ አርባ እስኪወጣ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። እህቴ ሽጣት ስትለኝ ሰንብታለች፤ ሞተሯ እንዲህ እየተንኳኳ ማን ይገዛታል?

መካኒኩ ጋሽ ዳና ሞተሩን አስነስቶ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ አስነካው፤ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ አዳመጠ። ከዚያ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀለ መልሶ ሰካ። ሦስተኛውን ሲነቅል መንኳኳቱ ቀነሰ።

«የሦስተኛው ሲሊንደር ብሮንዚን ነው፤ ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ብረት ተበልቷል» አለኝ። «መኪናው ያለ ዘይት ተነድቷል። ቀዩ መብራት አልበራም?»

«በርቷል።»

«ታዲያ አምስት ደቂቃ ቆመህ ዘይት አትጨምርም?»

ዘይቱ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። እማዬን ከጉኑኖ ይዤ ወደ ኦቶና ሆስፒታል እየበረርኩ እንደነበር አልነገርኩትም። ጥቁር ሸሚዜን አየና ሞተሩን አጠፋው።

ምንም አልተሰማኝም። ስለ ሰው መኪና የሚያወራ ነው የመሰለኝ። «ሞተሩ መውረድ አለበት» ሲለኝ «ይውረድ» አልኩት።

በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ ነው ትዝ ያለኝ። ያን ቀን እማዬ ከኋላ የእህቴን ጭን ተንተርሳ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ልጄ፣ ይሄ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መንገዱ ነው እማዬ፣ ተኚ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ብሮንዚን ነው እማዬ። መንገዱ አይደለም።