ለግራ እጅ ያልኩት ጊታር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኔና እማዬ ደህና ነን። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍ፣ የጎደለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እጅህን ብርድ ሲነካው አሁንም ይጠዘጥዝሃል? ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ አንዱንም አልመለስክልኝም። ይሁን። እኔም እስከ ዛሬ ዋናውን ነገር ሸሽጌ ነው የምጽፍልህ።

ጊታር እየሠራሁ ነው፤ አትሳቅ። ሥራ ፍለጋ ስዞር እውልና ማታ ማታ አንተ ትሠራበት ወደነበረው አናጢ ቤት እሄዳለሁ። አለቃህ ሚሊሜትር (ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ) ጥግ ላይ ቦታ ሰጥቶኛል። "ዲግሪ እንጨት አይልግም፤ ወንድምህ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራውን አንተ መነጽር አድርገህ ታበላሸዋለህ" ይለኛል። ግን ጎኖቹን በጋለ ቱቦ ላይ ሳጎብጥ ካጠገቤ አይጠፋም። ሦስት ሰብሬያለሁ።

ያሰብኩት ለግራኝ ነበር። መጋዙ ከግራ እጅህ ባተረፈልህ ሁለት ጣቶች መምቻውን ትይዛለህ፤ ቀኝህ አንገቱ ላይ ይሄዳል። ከፊቱ ጣውላ ሥር የሚለጠፉት ደጋፊ እንጨቶች ደግሞ በወፍራሙና በቀጭኑ ክር በኩል አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከፊት የሚታየውን ንድፍ ገልብጬ ሣልኩት። ከዚያ ጣውላውን በሆዱ አዙሬ ኮላ ስቀባ፣ ከውስጥ ሲያዩት ግራው ቀኝ እንደሚሆን ረሳሁ። የገለበጥኩትን መልሼ ገለበጥኩት።

ጀርባውን ዘግቼ ከጨረስኩ በኋላ ሚሊሜትር በቀዳዳው መስታወት አስገብቶ አየ። መስታወቱን እያወጣ፣ "ይሄ እኮ ለወንድምህ ለድሮ እጁ ነው" አለኝ። ክሩን ብቻ ገልብጬ ባስር ማንም እንደማያውቅ ነገረኝ። አልቻልኩም። እንደ ወጣው አስሬ መታሁት። ድምፁ ልክ አንተ እሁድ እሁድ ደጃፍ ላይ ስትጫወት እንደነበረው ነው። ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ መጋዝ ላይ ያለን ሰው ከኋላው አይጠሩትም፤ ዞሮ በፊቱ ቆሞ እሱ እስኪያይ መጠበቅ ነው። ይህን ሕግ ገና ልጅ ሳለሁ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የዚያን ቀን ግን የመውጫ ፈተና ውጤቴን ይዤ እየሮጥኩ ገባሁና ከኋላህ፣ "ወንድም ጋሼ፣ አለፍኩ" ብዬ ጮህኩ። ዞርክ።

ለሰው ሁሉ "እንቅልፍ አታሎኝ ነው" አልክ። እኔም አንተ ባልከው ተሸፍኜ ጋውን ለበስኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ። አንተ ጊታርህን ለሰው ሰጥተህ ከተማውን ለቀቅክ።

ዛሬ ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ ማጠፏን ሳታቆም፣ "እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ፤ ለሱ ጻፍለት" አለች። የምታጥፈው ያንተን ሸሚዝ ነበር። አንዱን ሸሚዝ አራት ጊዜ አጠፈችው።

የሁለተኛውን ጊታር ጣውላ መላግ ጀምሬያለሁ። በአንደኛው ፊቱ ላይ በትልቁ "ውስጥ" ብዬ በእርሳስ ጽፌበታለሁ። ሲያልቅ ይዤልህ ካለህበት እመጣለሁ። አልፈልገውም ብትል አልቀየምህም። ስምህን አልጠራም። ዞሬ በፊትህ በኩል እቆማለሁ፤ እስክታየኝ ድረስ።

ዕድሜህን ያርዝመው፤ የቀሩልህን ጣቶች ይባርክልህ።

ታናሽህ