ያልተረጎምኩት ግማሽ

ይድረስ ለባለቤቴ አባት፣
ሱሉልታ

አባባ፣ አካም ጅርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ የሰኔን ብርድ እንዴት ቻለው? ቡሬዋ ላም ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀችዎ ነው? እኛ በሕይወት አለን። መጀመሪያ "ሁላችንም ደህና ነን" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ዛሬ ከመጀመሪያው መስመር ልዋሽዎት አልፈለግሁም።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሱም። አልቀየምዎትም። በዚህ ሰሞን የሚደውልልዎት ሁሉ ሊሰድብዎት ነው አሉ። ጎረቤትዎ ሬሐና ናት ሁሉን የነገረችኝ። ኦቦ ኦዳ በሬያቸውን ነጥለው ወስደዋል አለችኝ። ስንት ዓመት አንድ በሬ ከእርስዎ፣ አንድ በሬ ከእሳቸው እያቀናጃችሁ አርሳችሁ፣ በዘር ሰሞን መጥተው፣ አንተ ያለ ማዳበሪያ የምታበቅል ሰው ነህ፣ ያለ በሬም እረስ ብለው ፈትተው ሄዱ አለች። ማሳዎ አንዴ ብቻ ተገልብጦ ሣር እያበቀለበት ነው አለች። ይህን ስሰማ ስልኩን ይዤ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ከተወካይነት ያወርድዎታል፤ ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ገበሬውን የሸጠ ተብሎ ስምዎ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ነው። አብሮዎት ቀብር የወጣ፣ ሠርግ የበላ ሰው ሁሉ እጁን ሊያወጣብዎት ነው።

አባባ፣ እርስዎ ማንንም አልሸጡም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ሦስተኛ ሰው የሰማው እኔ ያልኩትን ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልናገር። መንግሥት በማዳበሪያ ዋጋ ላይ ለገበሬው የሚጨምርለት ገንዘብ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር ሲጋጋል፣ የተቀጠርኩበት የጥናት ቢሮ ገበሬውን ጠይቆ እንዲያቀርብ ታዘዘ። እኔን የወሰዱኝ ኦሮምኛዬን አይተው ነው፤ ለሦስት ወር፣ በጊዜያዊነት። አለቃዬ አቶ ባርናባስ ኦሮምኛ አይሰሙም። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ልንገርዎ። ያ ገንዘብ የሚጠቅመው ሰፊ መሬት ያለውንና መጋዘን ዘግቶ የሚቸረችረውን ነጋዴ ነው፣ ቢቆም ስንት ጤና ጣቢያ ይሠራበታል ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ልጅዎ ጋሮማ ደግሞ ጤና ጣቢያው ተሠርቶ ምን ልንበላ ነው የምንታከመው ይላል። ሁለቱንም ስሰማ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ እኔ ምን አውቄ። ብቻ አቶ ባርናባስ ሐሳባቸውን የሚያጸናላቸው አንድ ገበሬ በጣም ይፈልጉ ነበር።

ያን ቀን በማኅበሩ ቢሮ ተወካዮች አንድ በአንድ ሲገቡ፣ በሩን ከፍተው የሚገቡት እርስዎ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። አቶ ባርናባስ ትተዋወቃላችሁ ወይ ሲሉኝ የባለቤቴ አባት ናቸው አልኩ፤ እንዲያውም ይመቻቸዋል አሉ። እርስዎም በኦሮምኛ ነው የምናገረው ብለው ተቀመጡ። የመቅጃው ቀይ መብራት በራ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በእናቴ አገር በከምባታ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ፊደል የሚጀምር ቃል ሁሉ እሳቸው ባሉበት ከአፏ አይወጣም። እናቴ ሰበታ መጥታ ፋብሪካ ገብታለች፣ ጌታን ተቀብላ የአገሯን ነገር አብዛኛውን ትታለች፤ ይህችን ግን አልተወችም። ስትድረኝ እጄን ይዛ ቃል ያስገባችኝ ይህንኑ ነው። እርስዎ ቤት መጥቼ ከጋሮማ ጋር በአማርኛ ሳወራ፣ ከጓሮዎ የሚቆፈረውን ነገር "ያ የሚላጠው" ስለው፣ ወጥ የሚሠራበትን "ማብሰያው" ስለው፣ አይጥ የምትይዘዋን "ሚያዋ" ስላት፣ ጋሮማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እርስዎ ግን አንድም ቀን አልሳቁብኝም። ሰው ሲስቅብኝ ወሬ ይለውጡልኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጥያቄ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ቃል ላይ ነበር፤ ያም ቃል በስምዎ ፊደል ይጀምራል። አሁን እጽፈዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ድጎማ።

ይኸው ጻፍኩት። እስከዚህ መስመር እንኳ በዚያች በሳድሷ ፊደል፣ በድ፣ የሚጀምር አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ ተመልሰው ቢያዩ ያገኙታል። ድጎማ፣ ድንች፣ ድስት፣ ድመት። ወረቀት ላይ ሲቀመጡ እንዴት ቀላል ናቸው!

ያን ቀን ግን እርስዎ ስለ ድጎማው የተናገሩትን ሁሉ ወደ አማርኛ ስመልሰው "የመንግሥት እርዳታ" አልኩት። አቶ ባርናባስ አልተደናገሩም። ለግማሽ ሰዓት ያህል በእኛ መካከል እርዳታ ማለት ድጎማ ሆኖ ቆየ። እኔማ ወጉንም ሥራውንም ጠበቅሁ ብዬ በልቤ ራሴን አደነቅሁ።

መጨረሻ ላይ፣ ይህ ነገር ቢነሣ ምን ይላሉ ብለው ጠየቁዎት። እርስዎም፣ እኛ ለማኞች አይደለንም፣ እርዳታ አንፈልግም፣ እርዳታ ለተራበ ይሰጥ አሉ። እርዳታ ያሉት እውነተኛውን እርዳታ፣ በከረጢት የሚታደለውን ስንዴ ነበር። በዚያው ትንፋሽ ቀጠሉ፤ ድጎማው ግን እርዳታ አይደለም፣ ሸክም መጋራት ነው፣ መንግሥት ትከሻውን ካሸሸ ሸክሙ የሚወድቀው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም፣ ዳቦ የሚገዛው የከተማ ሰው ላይም ነው፣ እንዳታነሡት አሉ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። በየቀኑ ስለምሰማው እንዴት እረሳዋለሁ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ተረጎምኩ። እርዳታ አንፈልግም፣ ለማኝ አይደለንም ይላሉ አልኩ። የአቶ ባርናባስ ፊት በራ። ሁለተኛውን ለመናገር "ይህ እርዳታ አይደለም፣ ድጎማ ነው" ማለት ነበረብኝ። ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ እርዳታ የሚለውን ቃል አስቀድሜ አባክኜዋለሁ። ቃሉ ጥርሴ ጋ ደረሰ። እርስዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዋጥኩት። እሳቸውም የሚፈልጉትን አግኝተው ስለነበር አልጠበቁኝም፤ ጻፉ፣ ከሥሩ አሰመሩ፣ ተነሥተው እጅዎን ጨበጡ፣ ቀጣዩ ይግባ አሉ።

እርስዎ አዩኝ። ረዘም አድርገው አዩኝ። ከዚያ "ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ"፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ ብለው ኮፍያዎን አንሥተው ወጡ። እኔ ሞኟ ምርቃት መሰለኝ።

ማስተካከል የምችልበት ቀን ሞልቶ ነበር። በማግስቱ መናገር እችል ነበር። በሳምንቱም እችል ነበር። ግን አቶ ባርናባስ በሥራሽ ረክቻለሁ ብለው ውሌን አራዘሙልኝና ቡራዩ ወሰዱኝ። ቡራዩ ላይ ድጎማ የሚለውን ቃል ቀኑን ሙሉ ስጠራው ዋልኩ፤ እርስዎ የሉማ። ማታ ቤት ስገባ ራሴን ጠላሁት፤ ጠልቼውም ዝም አልኩ።

ጥናቱ ሲወጣ የእርስዎ ቃል ከነስምዎ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። የሱሉልታው ገበሬ ድጎማው ይነሣ አሉ ተብሎ በሬዲዮ ተነበበ። ጋሮማ የሰማው ከሥራ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሰዉ ሲሳደብ አባቴ ነው ማለት አፍሮ ሰፈራችን ፉሪ ሳይደርስ ወርዶ በእግሩ መጣ። ይኸው ሦስት ሳምንት ነው፣ ቤታችን ውስጥ እርስዎ አይነሡም። እንጀራ ስንቆርስ እንኳ አይቀናንም።

ለእናቴ ነገርኳት። ያንቺ ወግ ነው ጉድ የሠራኝ ብዬ ጮህኩባት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እኔ ያስተማርኩሽ በከምባትኛ እንድትጠነቀቂ ነው፣ በአማርኛ ማን አለሽ አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነብኝና እሷም አብራኝ አለቀሰች።

ከትናንት በስቲያ ጋሮማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እርስዎ ሲያነሣ፣ ምናልባት አስተርጓሚ ተሳስቶ ይሆናል አልኩት፤ ማን እንደነበረ ሳልናገር። እኔ የሠራሁት ቢሮ ተቀምጬ ከወላይታና ከሀዲያ በኩል የመጣውን ነው ብዬው ነበርና አያውቅም። በንዴት ሳቀ። አባቴ እኮ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፣ አማርኛ ከእኔ በላይ ያነባል ይጽፋል፣ የተሳሳተ ነገር ቢሰማ እዚያው ያርመው ነበር፣ አውቆ ነው ያለው አለኝ።

እሱ ይህን የተናገረው ሊከስዎት ነው። እኔ ግን ከቃሉ ውስጥ ሌላ ነገር ሰማሁ።

ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር በኦሮምኛ ብቻ ስላወሩ አማርኛ አይሰሙም ብዬ ነበር። ለካ ሁሉን ሰምተዋል። እርዳታ ስልም ሰምተዋል፣ ግማሹን ስውጠውም ሰምተዋል። ለምን እንደዋጥኩትም ገብቶዎታል፤ ድንቹን "የሚላጠው" የምልባት ቤት የእርስዎ ቤት ናትና። "ልጄ፣ ግማሹ ቀረሽ" ቢሉ ይበቃ ነበር። ግን አለቃዬ ፊት ነበርን፣ ሥራዬም እዚያው ያልቅ ነበር። አይተውኝ ዝም አሉ። ኦቦ ኦዳ በሬያቸውን ሲፈቱም ዝም አሉ። የገዛ ልጅዎ ፊቱን ሲያዞርብዎትም ዝም አሉ።

አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ተናደድኩብዎት። ማን ጠየቀዎት? ለእኔ ለሦስት ወር ሥራ የእርስዎ ዕድሜ ልክ ስም ይከፈላል እንዴ? ተናድጄ ሳበቃ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አባት የሚባል ስላላየሁ፣ አባት እንዲህ ነው የሚያደርገው መሰለኝ።

ትናንት ለአቶ ባርናባስ ሁሉን ነገርኳቸው። ቀለማቸው ተለወጠ። ጥናቱ ገብቷል፣ የአገር ጉዳይ በአንድ ሽማግሌ ቃል አይወሰንም አሉኝ። እንግዲያው ለምን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አደረጉት አልኳቸው። የተቀዳው ድምፅ አለ፣ ሁለተኛው ግማሽ በራስዎ አንደበት እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስጡኝ ብል የቢሮ ንብረት ነው አሉ። ከሰኞ ጀምሮ እንዳልመጣም ተነገረኝ። ስለዚህ አባባ፣ ከእንግዲህ ዝም ብለው የሚጠብቁልኝ ሥራ የለም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ማኅበሩ ፊት ቆሜ በኦሮምኛም በአማርኛም የሆነውን እናገራለሁ። ቃሉንም እርስዎ ባሉበት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እጠራዋለሁ። ያምኑኝ አያምኑኝ አላውቅም። የባሏን አባት ልታድን ዋሸች ይሉኝ ይሆናል። ቢሉም እናገራለሁ። ፈቃድዎን አይደለም የምጠይቀው፣ ይቅርታዎን ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ እኔ ስናገር ተነሥተው "እሷ ምንም አላጠፋችም፣ እኔው ነኝ ያልኩት" እንዳይሉ። ስለማውቅዎት ነው።

ለጋሮማ አልነገርኩትም። አንደበቴን ስንት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። እርስዎን የጠላበትን ጥላቻ ሁሉ ወደ እኔ ሲያዞረው ማየት ፈራሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ግን እሱ ነው። ስንት ለምኜው ነው እሺ ያለኝ፤ ከበር አላልፍም፣ ሰጥቼ እመለሳለሁ ብሏል። ነገ ጠዋት ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ሚኒባስ ይቀያይራል፣ ሰልፍ ይቆማል፣ እንጦጦን ዞሮ ይወርዳል። መንገዱ ረጅም ነው። ፖስታውን አላሸግሁትም።

እንግዲህ እግዚአብሔር ዝናቡን በልክ፣ ማሳዎን በጊዜው ያድርስልዎ። ዕድሜዎን ያርዝምልን። ስምዎን ያነሣብዎት ሁሉ መልሶ በክብር ያንሣዎት። ጋሮማ በር ላይ ሰጥቶዎት ከተመለሰ ምንም አይበሉት፤ ይሂድ። ገብቶ ጉልበትዎን ከሳመ ግን፣ እባክዎ አባባ፣ ቶሎ ተነሥ አይበሉት።

ምራትዎ
ከፉሪ