ግማሹ ከእኔ

ላምፑን፣ ነሐሴ 6 ቀን

ለዋሪን እናት፣ ለፒኩን፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ጉልበትሽም የጸና ሆኖ ያግኝሽ። ደቡብ ላይ ዝናቡ በርትቷል ሲባል ሰምቼ፣ ከእህትሽ ጋር ያላችሁበት ቤት ጣሪያው ያፈስ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር። እኛ የሎንጋኑን ፍሬ ለቀማ ጨርሰናል። ዘንድሮ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፍርቶ፣ በቀርከሃ ደግፈን ነው ከመሰበር ያተረፍነው።

ለምን አልደወለም ትዪ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ደውዬልሽ ስለ ዝናብ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። በቃል የማልችለው ነገር ስለሆነ ነው የምጽፈው። አትደንግጪ፤ ልጃችን ዋሪን ደህና ናት፣ በሆዷ ያለውም ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ ከነገርኩሽ ዘንዳ ከመጀመሪያው ልነሳ።

በሚያዝያ ዛፍ ላይ ሳለሁ ዞረብኝ። ከተማ ያለው ክሊኒክ ደሜን አይቶ ደም ማነስ ነው አለና የብረት ኪኒን ሰጠኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዋጥኩት። ሆዴን አደረቀው እንጂ ሌላ ያመጣው ነገር የለም። ደግመው ሲመረምሩኝ የሰጡኝ ወረቀት ደግሞ ይባስ ግራ አጋባኝ። ከቁጥሮቹ ጎን ቀስቶች አሉ፤ አምስቱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ። ደምህ አነስተኛ ነው ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ብረትህ ከበቂ በላይ ነው ይላል። ወረቀቱን የሰጠኝ ልጅ ሐኪም ያናግሩ አለኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ለመምህር ካምሙን አሳየሁት፤ ጡረታ የወጣውን ጎረቤታችንን ታስታውሺዋለሽ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ፈለገና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። በማግስቱ ትልቅ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና የዓሣ ጭራ እንኳን ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ያኔ የደም ካንሰር ነው ብሎ እንደፈረደብኝ ገባኝ። ለማንም ሳልናገር የአትክልቱን ቦታ በዋሪን ስም ለማዞር ማሰብ ጀመርኩ።

እዚህ አግብታ ከተመለሰች ወዲህ እንደምታደርገው ቤቴን ስታጸዳ፣ ወረቀቱን ያገኘችው ራሷ ዋሪን ናት። እርግዝናዋን ስትከታተል የሷንም ደም መርምረውት ስለነበር፣ የሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከእኔው ጎን ዘረጋችው። እያፈራረቀች አየቻቸው።

«አባዬ፣ ቀስቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው እኮ» አለች። «ከአንተ ነው የወረስኩት ማለት ነው። ምንድን ነው እሱ?»

በልቤ ልጄንም ይዣት ልሄድ ነው አልኩ።

በማግስቱ ሁለታችንም ትልቁ ሆስፒታል ሄደን ሌላ ምርመራ ታዘዘልን። ውጤቱ ሲመጣ የነገረችን ሐኪም የዋሪን ታናሽ የምትመስል ልጅ ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የአሮጊት ነው። ወረቀቱን ገልብጣ ትልልቅና ትናንሽ ክቦች ሣለችልኝ።

«አባባ፣ ካንሰር አይደለም» አለችኝ። «ብረትም አልጎደለዎትም፣ ኪኒኑን ይተዉት። ቀይ የደም ሴሎችዎ ሲፈጠሩም ትናንሽ ናቸው። ታላሴሚያ ይባላል፤ እርስዎም ልጅዎም ተሸካሚ ናችሁ እንጂ በሽተኛ አይደላችሁም።»

ታዲያ ለምን ዞረብኝ ብላት፣ በባዶ ሆድ በሚያዝያ ፀሐይ ዛፍ ላይ የወጣ ሁሉ ይዞረዋል አለች። ሳቅሁ። ከደስታ ብዛት የዚያን ዓሣ ነገር ሁሉ አጫወትኳት። እሷም ሳቀችና፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ፣ ከዋሪን ሌላ ያጣችሁት ልጅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት። በሰባት ወሩ እንደተወለደ፣ ሰውነቱ ሁሉ አብጦ እንደነበር፣ እንዳላለቀሰ። ዋሪን ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ይህን ከአፌ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ከአራት ልጅ አንዱ እንደዚያ ሆኖ ሊጸነስ ይችላል አለች፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው የሚመጣው።

«ነፍሰ ጡር ሴት የሬሳ ማቃጠያ ሥርዓት ላይ ብትገኝስ?» አልኳት።

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«አባባ፣ ልጁ በተጸነሰበት ቀን ያለቀ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ እናቱ የትም ብትሄድ፣ ምንም ብትበላ የሚለወጥ አልነበረም።»

ፒኩን፣ አንቺ የሄድሽው አባትሽን ልትሸኚ ነበር።

እናቴ ሬሳ ተከትሎሽ ቤቴ ገባ ስትልሽ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በኋላ ደግሞ እኔም በራሴ አፍ ብዬሻለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዋሪንን ይዘሽ ወደ ደቡብ የወረድሽ ቀን እንኳ፣ ጥፋቷን ስላወቀች ነው የሄደችው ብዬ ለሰው አወራሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲያ ስል ኖርኩ። ግማሹ ከእኔ ነበር፤ በደሜ ውስጥ ተቀምጦ።

ከዚያ በኋላ የዋሪንን ባል የአኔክን ውጤት መጠበቅ ነበር። እሱም ተሸካሚ ቢሆን ያው የአራት አንዱ ዕጣ በሆዷ ባለው ላይ ይወድቅ ነበር። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። አኔክ ዝምተኛ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን የቤቱን አጥር ሁለት ጊዜ አፍርሶ ሠራው። ውጤቱ ሲመጣ የሱ ደም ንጹሕ ሆነ። ዋሪን ወረቀት ማመን አቁማ ስለነበር ሐኪሟን ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። ሕፃኑ ቢበዛ እንደኛ ተሸካሚ ነው የሚሆነው፤ እኔ እንደምታይኝ ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ዋሪን አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ «የሕፃኑን ነገር ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ» አለችኝ። «የሌላውን ግን አንተ ነህ የምትነግራት።»

ለእናቴም ነገርኳት። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ጆሮዋ ደክሟል፤ ሁለቴ ደገምኩላት። ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩንም አለች። አልጠየቅንም አልኳት። የዚያን ቀን እራት አልበላችም። ጠዋት ስነሣ ልብሷን ለብሳ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ለፒኩን አባት ጸሎት ላስደርግ፣ ቤተ መቅደስ ውሰደኝ አለችኝ። ተጸጸተች ብዬ አልዋሽሽም፤ እንዲያ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ግን ስታስበው እንዳደረች አውቃለሁ።

የእህትሽን ልጆች ከመጋባታቸው በፊት አስመርምሯቸው፤ ሐኪሟ አደራ ብላለች። አንቺም ደም አንሶሻል ብለው የብረት ኪኒን ከሰጡሽ፣ ከመዋጥሽ በፊት ይህን ንገሪያቸው።

ዋሪን የምትወልደው በየካቲት ነው። ነይ ብዬ የማዝሽ ሰው አይደለሁም። መምጣት ፈልገሽ እኔን ማየት የሚከብድሽ ከሆነ፣ የምትሆኚበትን ቀን ለልጅሽ ንገሪያት፤ በዚያ ሰሞን እነሱ ቤት ድርሽ አልልም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቤተ መቅደስ ስንደርስ መነኩሴው ጸሎት የሚደረግላቸውን ሙታን ስም ጻፉ ብለው ወረቀት ሰጡን። የአባትሽን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ የልጃችንን ልጽፍ ብዬ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስም አላወጣንለትም፤ እኔ አላወጣሁለትም ማለቴ ነው። አንቺ በልብሽ አውጥተሽለት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። አውጥተሽለት ከሆነ፣ ሌላ ምንም ባትጽፊልኝ፣ እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ያደረግሽው በጎ ሁሉ ጥላ ይሁንሽ። የምትውይበት ቀላል፣ የምታድሪበት ሰላም ይሁን።

ኢንታ
የሁለቱ ልጆችሽ አባት