ከመነሣቱ አንድ ቀን በፊት የተነበበው የባለቤቴ የአንጎል ፎቶ

ለተከበሩ የምስል ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ዶክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጉልበትዎ እንደጸና፣ አንገትዎ እንደታዘዘልዎ፣ ዓይንዎም ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳሻዎ እየተመላለሰ እንዲኖር ልባዊ ምኞቴ ነው። ለሌላ ሰው ቢጻፍ ግራ የሚያጋባ ምኞት ነው፤ እርስዎ ግን ባለሙያ ስለሆኑ ይገባዎታል። ስምዎንና የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ ሳይሆን፣ ሲያነቡት ራስዎን ለማወቅ እንደማይቸገሩ በመተማመን ነው።

እንዳለች ሚደቅሳ እባላለሁ፤ የምኖረው ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ አቶ ሰላሁን አብነት አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ አናጺ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሳይደናቀፍ፣ ማንም ሳይገፋው፣ እንደ ቆመ ወደ ኋላ መውደቅ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘለት፤ መድኃኒቱ ግን ጠብ ያደረገለት ነገር የለም። ሐኪሙም ተጠራጠረና፣ ፓርኪንሰንን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች ስላሉ እነሱን ለመለየት የአንጎል ኤምአርአይ ይነሣ ብሎ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ እርስዎ ክፍል ላከን። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

1ኛ/ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ ጥያቄውን በግልጽ ጽፎት ነበር፤ ይህ ፓርኪንሰን ነው ወይስ የሚመስለው ሌላ በሽታ? የእርስዎ ክፍል መልስ ሦስት መስመር ነበር፤ የአንጎሉ ምስል ለዕድሜው ጤናማ ነው ይላል፤ ፊርማና ማኅተም አለበት። ሐኪሙ ወረቀቱን አምኖ በፓርኪንሰኑ ጸና፤ መድኃኒቱንም ሦስት ጊዜ ጨመረው። በጨመረ ቁጥር ባለቤቴን ያቅለሸልሸው ነበር፤ በኋላ ደግሞ ቤታችን የሌሉ ሰዎች ይታዩት ጀመር፤ እንግዶቹ ቆመው ቀሩ እኮ፣ ወንበር አቅርቢላቸው ይለኛል። እኔም እንዳይከፋው አቀርብላቸው ነበር።

2ኛ/ የኤምአርአዩን ፊልም ለእኛ ስላስረከቡን አመሰግናለሁ። ፊልሙ ያለበትን ትልቅ ፖስታ እንደ ቤት ካርታ አክብረን ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥነው። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ተሸክመነው እንሄዳለን፤ የምንጠየቀው ግን ወረቀቱን ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ታሸገ ይዘነው እንመለሳለን። ባለፈው ወር ልጃችን ሌንሳ አባቷን ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሶረቲ የምትባል ወጣት ሐኪም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ ፊልሙን ጠየቀች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታም አየችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። በእስክሪብቶዋ ጫፍ የአንጎሉን መሀል አሳየችን፤ ላዩ ጎበጥ ማለት ሲገባው ሟሙቶ ጎድጉዷል፤ ከጎን ሲያዩት ምንቃሯ የቀጠነ ወፍ ይመስላል። ከዚያ ባለቤቴን ጣቷን በዓይኑ እንዲከተል ጠየቀችው። ግራና ቀኝ ተከተለ፤ ጣቷ ወደ ታች ሲወርድ ግን ዓይኑ አልወረደም። በሽታው ፓርኪንሰን አልነበረም፤ ሰውን ገና ከጅምሩ ወደ ኋላ የሚጥል፣ ዓይንን ወደ ታች እንዳይመለከት የሚይዝ ሌላ በሽታ ነው። እኔና ሌንሳ ሕክምና አልተማርንም፤ ወፏን ግን አየናት።

3ኛ/ ሙያዬን ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ቤት ገብቼ ፊልሙንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ከፍሬ ነገሩ በፊት ቀኑን ያያል። ማሽኑ ፊልሙ ላይ ያተመው በፈረንጆች ኦክቶበር 31 ቀን 2023 ነው፤ የእርስዎ ወረቀት ደግሞ በእኛ ጥቅምት 19 ቀን 2016። ሁለቱን ያመሳከረ ሰው አልነበረም፤ እኔ አመሳከርኩ። ኦክቶበር 31 በእኛ ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ ነው። እርስዎ የፈረሙት ሰኞ ነው። ባለቤቴ ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ በፊት አንጎሉን አይተው ጤናማ ነው ብለዋል ማለት ነው። ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ መስኮታችሁ ድረስ መጣሁ፤ እዚያ የተቀመጠችው ልጅ፣ ምንም ነውር ያለበት ሳይመስላት፣ ዶክተሩ ሰኞ ሰኞ ለሳምንቱ የሚሆን "ጤናማ" የሚል ወረቀት ፈርመው እንደሚተዉ፣ ስሙ በኋላ እንደሚሞላ፣ ማሽኑ ላይ ያለው ባለሙያ መጥፎ ነገር አየሁ ካላለ በቀር ሌላ እንደማይጻፍ አስረዳችኝ። ሳያዩ ማመን የጻድቃን ነው ሲባል ልደታ ማርያም ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ሳያዩ መፈረም የማን እንደሆነ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

4ኛ/ ቢሮዎ ተቀብለው ስላነጋገሩኝም አመሰግናለሁ። በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ የተናገሩት ቃል በቃል ይህ ነበር፦ "እማማ፣ በሽታው እንደሆነ መድኃኒት የለውም። ቢታወቅስ ምን ይጠቅማችሁ ነበር?"

ጥያቄዎን አሁን ልመልስልዎ። ቢታወቅ ኖሮ የማይሠራ መድኃኒት ሦስት ጊዜ አይጨመርበትም ነበር። ምግብ ወደ ሳንባው እንደሚገባ አስቀድሞ ይነገረንና አገጩን ዝቅ አድርጎ እንዲውጥ፣ የሚጠጣውንም ወፈር አድርገን እንድንሰጠው እንማር ነበር፤ ሰኔ ላይ በሳንባ ምች ሦስት ሳምንት ተኝቶ አሥር ኪሎ ባልቀነሰ ነበር። ይህ ሁሉ ይቅር። ባሌን አልቆጣውም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ በሰው ፊት ሲወድቅ፣ መጠጥ ጀመረ እንዴ ብለው ሲንሾካሾኩ በሰማሁ ጊዜ፣ "ዓይንህ የት ነው፣ የምትረግጠውን አታይም?" ብዬዋለሁ። ሾርባ ደረቱ ላይ ሲያፈስ ሕፃን ሆንክ ብዬዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። እሱም ዝርክርክ ነኝ ብሎ አምኖ ነበር። ያኔ ያፈርኩት በእሱ ነበር፤ ዛሬ የማፍረው በራሴ ነው። የሚጠቅመን ይህ ነበር፣ ዶክተር።

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ልመና አለችኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእኛ ተቃጥሏል። ነገር ግን ሰኞ ተፈርመው ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ለተነሡ ሰዎች የታደሉት ወረቀቶች ግልባጭ ፋይልዎ ውስጥ አለ። ሰዎቹን ይጥሯቸውና ፊልማቸውን ይመልከቱላቸው። ፋይሉን የሚፈትሽ ሰው ካጡ እኔ አለሁ፤ መዝገብ ማገላበጥ አልረሳሁም።

የወረቀትዎን እያንዳንዷን ፊደል አምኜ ሁለት ዓመት የኖርኩ፣
አክባሪዎ
እንዳለች ሚደቅሳ

ግልባጭ፦
- ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
- ቁምሳጥናቸው ላይ ያልተከፈተ ፖስታ ላላቸው ሁሉ

ማስታወሻ፦ ወረቀቱ እንዲታረም ባመለክት፣ ታካሚው ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ አይሆንም ተብያለሁ። ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ በተሽከርካሪ ወንበር ይዘነው እንመጣለን። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ማየት ስለማይችል፣ እርስዎ ራስዎ ጣውላ ላይ አድርገው በፊቱ ትክክል ከፍ አድርገው ይያዙለት። ሲፈርም ቀስ ስለሚል ክንድዎ ይዝል ይሆናል፤ ቢሆንም ዝቅ እንዳያደርጉት። ዝቅ ካደረጉት አያየውም፤ ለምን እንደማያይ ፊልሙ ላይ አለ፣ እሱንም ይዘነው እንመጣለን።