በአራት ያጠፍከው ወረቀት

ሐዋሳ፣ ታቦር

ዳንጊሶ፣

ዳንጊሶዬ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተናድጃለሁና ዛሬ አይሆንልኝም። ከተለየኸን ሦስት ዓመት አለፈ። ቤታችን እንዳለ ነው። ጣራው በጓሮ በኩል ያፈሳል፤ በበሩ ዳር የተከልከው ሎሚ ግን አፈራ። ልጃችን ምሕረት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፣ ቁመቷ አንተን ሊያክል ነው። እኔም ማንበብ ችያለሁ።

ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት ሲመዘግብ "እኔ አነባለሁ" ብዬ ከሚያነቡት ጋር ተሰለፍኩ፤ አጠገቤ ቆመህ ነበር። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ፊደል መቁጠር አሳፈረኝ። አንተ ከሞትክ በኋላ ነው በቃሌ የማውቃቸውን መዝሙሮች ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየሁ ፊደሉን አንድ በአንድ የለየሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ሻንጣህን ከፍቼ ያንን ወረቀት አወጣሁ። መሥሪያ ቤትህ ለሩዝ እርሻ ትምህርት ቬትናም ልኮህ ስትመለስ የሰጠኸኝን፣ በአራት ያጠፍከውን። "እዚያ ጠዋት ጠዋት የምንበላው የዶሮ ሾርባ ነው፤ አሠራሩ እዚህ አለልሽ" ብለኸኝ ነበር። በማግስቱ "አየሽው?" ስትለኝ፣ "አንብቤዋለሁ፤ ዶሮ ያለ በርበሬ በኔ ቤት አይበስልም" አልኩህ። አየት አደረግከኝና "ይሁን" አልክ።

ጉበትህን ታመህ ሐኪሙ በርበሬና ዘይት ሲከለክልህም "ያችን ሾርባ" አልከኝ። ወረቀቱን ማን ያንብብልኝ? ያንኑ መለስኩልህ። አሁንም "ይሁን" አልክ። የሰጠሁህን አጥሚት ግማሹን ትተህ ተኛህ። ሳምንቱን አላወጣህም።

ቅዳሜ ስዘረጋው ምን ላግኝ? ጽሑፉ ከአምስት መስመር አይበልጥም፤ የቀረው ሥዕል ነው። ዶሮዋ ሳትበለት፣ ሙሉዋን ድስት ውስጥ። ሽንኩርትና ዝንጅብል ከነልጣጫቸው ፍም ላይ። ቀረፋ። ሎሚ። እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ። ፊደሎቹም ለሕፃን እንደሚጻፍ ትልልቅ ናቸው። ታውቅ ነበር፣ ዳንጊሶ። አንድ ጊዜ እንኳ ዘርግቼው ቢሆን ኖሮ፣ ሳላነብ እሠራልህ ነበር።

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እንዳላፍር ብለህ? ማን ለምኖህ? "አንቺ ሞኝ፣ ወረቀቱን ዘርጊው" ብትለኝ አንድ ቀን አኩርፌህ በማግስቱ ዶሮ እገዛ ነበር። የኔ ውሸትና ያንተ ጨዋነት ተጋግዘው ያማረህን ሳትቀምስ ቀበሩህ።

እየተቆጣሁ ሠራሁት። የሩዝ ነው ያልከውን ፓስታ ከየት ላምጣ? ከኅብረት ሱቅ ተሰልፌ ያገኘሁት ወፍራሙን ነው። ደግሞ ጠርሙስ ሥለህ፣ በላዩ ዓሣ አድርገህ፣ "የዓሣ ውሃ" ብለሃል። ሐይቁ ዳር ወርጄ ዓሣ ሻጮቹን ጠየቅኩ። አንደኛው "እናቴ፣ ዓሣው ሲዋኝበት የኖረው ውሃ ያውልሽ፤ ባልዲ ይዘሻል?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እዚያው ቆሜ አንተን ሰደብኩ። በመጨረሻ የዓሣ ጭንቅላት በጨው ቀቅዬ አጠለልኩት።

ሽንኩርቱ ፍም ላይ ሲያር ጎረቤታችን አስቴር በአጥሩ በኩል "ምን አሳረርሽ አንቺ?" አለች። "ባሌ ያዘዘኝን" አልኳት።

ምሕረት ሎሚህን ጨምቃበት ቀመሰች። "እማዬ፣ የበሽተኛ ምግብ ነው እንዴ?"

"የአባትሽ ነበር" አልኳት።

ማንኪያውን አስቀምጣ ሳህኑን በሁለት እጇ አንሥታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። እኔም ቀመስኩ። ይጣፍጣል። ከሁሉም ያናደደኝ ይህ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ቀላልም ነው። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም።

ዛሬ ይቅርታ አልለምንህም፤ በቁጣ የተለመነ ይቅርታ አይሆንም። ግን ሎሚው ባፈራ ቁጥር እሠራዋለሁ፣ ዶሮዋንም ሳልበልት፣ እንደ ሣልከው። ምሕረትም አሠራሩን ከኔ ትማራለች፤ ማን እንዳመጣውና ማን እንደከለከለው ሳልደብቅ እነግራታለሁ። አንተ ብቻ "ይሁን" አትበለኝ።

ወረቀቱን ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ በአራት ምስማር መትቼዋለሁ። ጭሱ ቢያጠቁረውም ያጥቁረው። ከእንግዲህ አላጥፈውም።

የምሕረት እናት