ሳልነግርህ የቀረሁት የኪኒኑ ነገር

ሰይፉዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ። አልማዛችን አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ እኔም ከሷ ጎን እየተቀመጥኩ ከደብተሯ ላይ ፊደል ቆጠርኩ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ጎሚስታ ትሠራባት በነበረችው በረንዳ ላይ አሁን ሽንኩርትና ፓፓያ እሸጣለሁ። የደሴ መኪና ሾፌሮች ዛሬም ቆም እያሉ ስላንተ ይጠይቁኛል። መሞትህን ያልሰሙ አሉ፤ በነገርኳቸው ቁጥር እንደ አዲስ አለቅሳለሁ።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። በሕይወት ሳለህ መንገር ያቃተኝ ነገር አለ።

አረቄ መንጃ ፈቃድህን አስቀምቶህ ከሾፌርነት ወደ ጎማ መለጠፍ ከወረድክ በኋላ የሆነውን አላነሣብህም። ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ሐኪም ጤና ጣቢያው ደጅ ሰብስቦን፣ አረቄ ያሸነፈውን ሰው ከቤቱና ከሥራው ሳይነጥሉ ማከም ይቻል እንደሆነ ሊፈትን መምጣቱን ሲነግረን፣ ካንተ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ግማሹ ሰው ኪኒን ይውጣል፤ ኪኒኑን የዋጠ ሰው መጠጥ ከቀመሰ ያስታውከዋል፣ ልቡን ያርገበግበዋል፣ ስለዚህ ይፈራል። ለግማሹ ደግሞ ኪኒን የለም፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ታደለ በየሳምንቱ ቤቱ እየሄደ ያነጋግረዋል። ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚለየው በዕጣ ነው። አንተ ከባርኔጣው ውስጥ ያወጣሃት ወረቀት የንግግሩ ሆነች። ድሬሰሩን ተከትዬ ወደ ኪኒኑ እንዲያዛውርህ ለመንኩት። «እትዬ በላይነሽ፣ የትኛው እንደሚሻል ብናውቅማ ዕጣ ባልጣልን ነበር» አለኝ። አልገባኝም። ለጌታ መድኃኒት፣ ለድሃ ወሬ መስሎኝ ነበር።

አንተ ግን ያቺን ወሬ ወደድካት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ጎማ እየለጠፍክ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ታወራላችሁ። መጀመሪያ መቼ እንደቀመስክ፣ የቱ ሰዓት እንደሚከፋብህ፣ በየት በኩል ብትመለስ አረቄ ቤቱ ዓይንህ ውስጥ እንደማይገባ። ከዚያ ወዲህ በሮቢ ወንዝ በኩል እየዞርክ መምጣት ጀመርክ። «ስሜ መዝገብ ላይ ተጽፏል እኮ! በእኛ የተሞከረው ነገ ለሌላ አገር ሰው ይጠቅማል» እያልክ ትኮራ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ጠብታ አልቀመስክም። ያላመንኩህ እኔ ነኝ።

የጃንሆይ ልደት ሲደርስ ወረዳው ድግስ ደገሰ። ፈራሁ። ለጎረቤታችን ለዘነበች ባል የደረሰው ኪኒኑ ነበር፤ እየቆጠረች የምታስውጠው እሷ ስለነበረች ሁለት ፍሬ ለመንኳት። ብትቀምስ እንዲያንገሸግሽህ ብዬ፣ ጠዋት ሳልነግርህ አድቅቄ ሻይህ ውስጥ ጨመርኩት። «ዛሬስ ሻይሽ መረረኝ» እያልክ ጠጣኸው።

ድግሱ ላይ አረቄውን እምቢ አልክ። ሁሉም አየ። አንድ ሽማግሌ መርቀው የሰጡህን ጠላ ግን መመለስ አፍረህ አንድ ጊዜ ተጎነጨህ። ወዲያው ፊትህ በርበሬ መሰለ፤ ደረትህን ይዘህ ዳሱ ሥር ወደቅክ። ሰዉ «ያው አመሉ ነው፣ ተደብቆ ሲጠጣ ውሎ ነው» ብሎ ሳቀብህ። ተሸክመን ቤት አስገባንህ። አልጋው ላይ ሆነህ እጄን ጨብጠህ፣ «አንድ ጉንጭ ናት፣ በላይዬ። በልጃችን ይዤሻለሁ፣ እመኚኝ» አልከኝ።

እውነትህን መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም አልኩህ።

በማግስቱ ለድሬሰሩ ተናዘዝኩ። ፊቱ አመድ መስሎ «ሊሞትብዎት ይችል ነበር እኮ» አለኝ። የሌላው ወገን መድኃኒት ስለገባብህ ሐኪሙ አንተ ሳታውቅ ስምህን ከመዝገቡ ሰረዘው። ድሬሰሩ ግን «ይህን መንገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት» ብሎኝ በራሱ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ቀጠለ። እኔ ለእንቁጣጣሽ፣ ከዚያ ለገና፣ ከዚያ ለፋሲካ እያልኩ አሳለፍኩት። አንተ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠላም አልቀመስክም። ሰው ሲያማህ እየሰማህ አንገትህን ደፍተህ ጎማህን ትለጥፍ ነበር። በዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲያቁር ወባ ጣለህ፤ በአምስተኛው ቀን ሄድክ። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አፌን መክፈት አቃተኝ።

የዛሬ ወር ሐኪሙ ተመልሶ መጣና ያገኙትን ነገረን። ኪኒን ከደረሳቸው ብዙዎቹ ኪኒኑን ትተው ወደ መጠጡ ተመልሰዋል፤ ቤታቸው ከተጎበኙት ብዙዎቹ ጸንተዋል አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ «የሰይፉስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «የእሳቸው አልተቆጠረም» አለኝ፤ ስምህ ወደ መዝገቡ ሊመለስም እንደማይችል ነገረኝ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ቆምኩ። ኪኒኑን፣ ሻዩን፣ አንዷን ጉንጭ፣ ዝምታዬን፣ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ያን ቀን የሳቁብህ ሰዎች አቀረቀሩ። ዘነበች አለቀሰች። እኔ ግን አልቀለለኝም፤ ልሰማው የምፈልገው ያንተን ቃል ነበር።

ቤት ስንደርስ አልማዝ «ታዲያ አባዬ እውነቱን ነበር?» አለችኝ። ለካ አልጋው ላይ ሆነህ የማልክልኝ ቀን በሩ ሥር ቆማ ሰምታህ ኖሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ በልቧ ይዛው ኖራለች።

«እውነቱን ነበር» አልኳት።

ሰይፉዬ፣ ይቅር በለኝ ማለት እንኳ ያሳፍረኛል። አልረሳህም። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ፣ ስምህ በተነሣበት ሁሉ አንተ እውነትህን እንደነበር፣ ያላመንኩህ እኔ እንደሆንኩ ሳልናገር አልቀመጥም።

በላይነሽ