ከግራው ጥግ የሰማሁት

ውድ አባዬ፣

ይህን በስልክ ልነግርህ አልችልም። ብደውልና አንተና እማዬ ሰሞኑን ያረፋችሁባት አክስቴ ስልኩን ብትሰጥህ፣ የምለው ሳይገባህ «አዎ፣ አዎ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ትዘጋዋለህ። እኔም እንዳልሰማኸኝ እያወቅኩ «እሺ አባዬ» እላለሁ። እንዲህ መባባል ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆነን። ስለዚህ ጻፍኩልህ። በርህን ዘግተህ አንብበው።

ሐሙስ ጋሽ ብልጭታ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሠላሳ ዓመት ጋራዥህ ውስጥ ሲበይድ የኖረው ጓደኛህ፣ በአዋላጇ ሞት ተከሶ። እኔ ምስክር ሆኜ ተጠርቻለሁ። እዚያ የምናገረው ነገር ከሌላ ሰው ከሚደርስህ አስቀድሞ ከእኔ ይድረስህ ብዬ ነው።

አዋላጇ መኪናዋን ያመጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ። መኪናዋ ከወደብ ከወጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር፤ ላይዋ ሲያዩት ያጓጓል፣ ሥሯ ግን ጉድ ነው። በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ከሚበትኑበት አገር እንደመጣች ገና ጎንበስ እንዳልክ ነው ያወቅከው። የኋላ እግሮቿን የሚሸከመው ትልቁ ብረት በቀኝ በኩል ተሰንጥቋል። የቀረውን ሻጮቹ ዝገቱ እንዳይታይ በጥቁር ቀለም ኳኩለውታል።

ፊቴን ወደ አንተ አዙሬ «ሌላ ብረት ፈልገን እንቀይረው ወይስ ይበየድ?» አልኩህ።

«መቀየሩ ይሻል ነበር፤ ግን እስኪገኝ ወር ይፈጃል» አልክ።

አዋላጇ መኪና ሥር ከምንሠራበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሆና «ወር? ኧረ በሞቴ! እናቶቹ እኔ መኪና አጣሁ ብለው ምጡን አያቆዩልኝ!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። አንተም ሳቅክ። የሳቅከው ግን እኔ ስስቅ አይተህ ነው።

ትንሿን መዶሻ አንስተህ ከቀኝ ጀምረህ ብረቱን መታ መታ አደረግከው። ከስንጥቁ ወዲያ ያለው ጥርት ብሎ ጮኸ። መሃሉም ጮኸ። ግራው ጥግ ላይ ስትደርስ ግን፣ አባዬ፣ ድምፁ ዱብ አለ፤ እርጥብ እንጨት የመታህ ያህል። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ በዚያችው መዶሻ ያስተማርከኝ ይህንኑ ነበር፤ ዝገት የበላው ብረት አይጮህም። ዞር ብዬ ፊትህን አየሁት። ምንም አልነበረበትም።

«ግራው ደህና ነው። ቀኙን ብልጭታ ይበይደውና ትሂድ» አልክ።

«አባዬ፣ ግራውን ድገመው» ብል ይበቃ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ። ግን አዋላጇ ቆማለች፣ ጋሽ ብልጭታ ቆሟል፣ ሠራተኛው ሁሉ የአንተን አፍ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ ታክሲ ነጂ ፊት «ሞተሩ ያንኳኳል እኮ አባዬ» ብዬህ አራት ቀን ማኩረፍህ፣ ማዕድ እንኳ አልቀርብም ማለትህ ትዝ አለኝ። እማዬም «ጆሮው እንደከዳው እሱም ያውቃል፤ ሰው ፊት ግን አታዋርጂብኝ» ብላ ለምናኝ ነበር። ሰው ሲበተን ራሴ መትቼ አየዋለሁ አልኩና ቃሌን ዋጥኩት። ከሰዓት መለዋወጫ ለማምጣት ወጥቼ ስመለስ መኪናዋ የለችም።

የአዋላጇ ስልክ ቁጥር ነበረኝ። አልደወልኩም። ምን ልበላት? አባቴ አይሰማም ልበላት?

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ምጥ የያዛት ሴት ጋ ስትሮጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ የግራው የኋላ እግር ከነጎማው ተገንጥሎ ወጣ። የቀረውን ታውቀዋለህ።

መርማሪው ሲጠይቅህ «ግራውን በእጄ መትቼ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር። የብየዳው ሙቀት አበላሽቶት ነው የሚሆነው» አልከው። አልዋሸህም፤ እንደዚያ ነው ያመንከው። ሰው ሁሉ ቃልህን እንደሚያምነው እሱም አመነህ። የመርማሪውን ጥያቄ ፊት ለፊትህ ቆሜ ስደግምልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያኔም ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ለጋሽ ብልጭታ ቅያሪ ሸሚዝ ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። ከስቷል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አንተ ነው።

«አባትሽ አሁንም እንዳኮረፈኝ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አይፈረድበትም። ቀን ከሌት የማስበው ያንኑ ነው። ምን አጠፋሁ? እንዴት ነው ያጋልኩት? እጄን መጠርጠር ጀመርኩ፣ ብሎኔ።»

አንተ ባወጣህልኝ ስም ነው የጠራኝ። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ ያገላብጣቸው ጀመር። እዚያው ልነግረው ፈልጌ፣ ሸሚዙን ብቻ አቀበልኩት።

ከዚያ ወጥቼ የተሰባበረችው መኪና ወዳለችበት የፖሊስ ግቢ ሄድኩ። ዘበኛው ሥሯን እንዳይ ፈቀደልኝ። የጋሽ ብልጭታ ብየዳ እንዳለ አለ፤ የፀጉር ያህል እንኳ አልተሰነጠቀም። ግራውን ጥግ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ከቀለሙ ሥር እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ዘበኛውም የሟቿ ዘመድ መስዬው «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ።

ሐሙስ ሁሉንም እናገራለሁ። ስድስት ዓመት አብረን የደበቅነውን አገር ይሰማዋል። ለዚህ ይቅር በለኝ፤ እማዬንም ይቅር እንድትለኝ ለምናት። ግን አባዬ፣ አንተ ስላልሰማህ ነው ደህና ነው ያልከው። እኔ ሰምቻለሁ። አዋላጇን የገደላት የእኔ ዝምታ ነው፤ የሚታሰር ሰው ካለም እኔ ነኝ።

ችሎቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀመራል። ከአክስቴ ጋር ና፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥ። ዳኛውን አስፈቅጄ ፊቴን ወደ አንተ አዞራለሁ። ሁልጊዜ እንደማደርግልህ ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን ገልጬ እናገራለሁ፤ አንድም ቃል እንዳያመልጥህ።

ልጅህ ብሎኔ